ከጥርሴ ወደ ጉልበቴ የወረደው ጣጣ

የቀኝ ጉልበቴ ብረት ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድትፈሩኝ ብዬ አይደለም፤ ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ነው። መሪጌታ አስናቀ እባላለሁ። ላስታ ተወልጄ፣ ላሊበላ ዜማ ተምሬ፣ ዜማ አስተምሬ እዚያው ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንዱ በበሬው ይኮራል፣ ሌላው በልጁ፤ እኔ የምኮራው በድምፄ ነበር። ባለቤቴ ይታይሽ «የአንቱስ ኩራት ከድምፅዎ ይበልጣል» ትለኝ ነበር። አልሰማኋትም። እሷን አለመስማት የዚያን ጊዜ ዋና ሥራዬ ነበር።

ጉልበቴን የጨረሰው መቆም ነው። ዐርባ ዓመት ሙሉ ማሕሌት በመቋሚያ ተደግፎ መቆም፣ ከዚያ ያንን የድንጋይ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ አጥንት ከአጥንት እስኪፋጭ አደረሰኝ። ልጆቼ አዲስ አበባ ወሰዱኝና መገጣጠሚያው በብረትና በፕላስቲክ ተቀየረ። ዕድሜ ለሐኪሙ፣ ዓመት ሳይሞላኝ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ እወጣው ጀመር።

ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት ያ ሐኪም አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ነግሮኛል።

«አባቴ፣ ቁስሉ ድኗል። ብረቱ ግን ባዕድ ነው፤ እንደ ሥጋ ራሱን አይከላከልም። ሰውነትዎ ላይ የትም ቦታ መግል ቢቋጥር፣ ጥርስም ይሁን የእግር ቁስል፣ ጀርሙ በደም ተጉዞ እዚያ ብረት ላይ ሊሰፍር ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ይሂዱ።»

«ጥርስ ጉልበት ድረስ ምን ሊሠራ ይወርዳል?» ብዬ ሳቅሁ።

«መንገዱን ያውቀዋል» አለኝ። እሱ አልሳቀም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የገና ጾም ሲጋመስ የላይኛው ክራንቻዬ ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሳይነኩትም ይነዝረኝ ያዘ። ድዴ አብጦ ከሥሩ መግል ቋጠረ። መቼም «ሄደህ አታስነቅለውም?» ትሉኛላችሁ። ቆዩኝ፣ ምክንያት ነበረኝ።

ተማሪ ሳለሁ ያስተማሩን የኔታ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ነበር። ድምፃቸው መልካም ነው፤ ግን «ሰ» ያለበት ቃል በመጣ ቁጥር ፉጨት ይቀድማቸዋል። እኛ አፋችንን በነጠላ ይዘን በሳቅ እንፈርስ ነበር። ከኋላቸው «የኔታ ፉጨት» ብሎ ስም ያወጣላቸው ማን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ አፈር ስሆን፣ እኔ ነኝ። እና ያ ስም ዞሮ እኔው ላይ እንዳይወድቅ ፈራሁ።

ደግሞ ዓመቱ ሌላ ዓመት አልነበረም። በገና ጠዋት እኛ ዘንድ ካህናቱ በሁለት ተከፍለው ይቆማሉ፤ ግማሹ ከታች ከቤተ ማርያም ግቢ፣ ግማሹ ከላይ ማሜ ጋራ ከምንለው የድንጋይ አፋፍ። የታቹ ሲያዜም የላዩ እየተቀበለ፣ አንድ ላይ እየተወዛወዙ ይወርባሉ። ሕዝቡ አንገቱን አቅንቶ የሚያየው የላዩን ነው። ያን ዓመት የላዩን እንድመራ የደብሩ አለቃ እኔን መረጡ። ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመት የመራው መሪጌታ ቢያድግልኝ ነው። ቢያድግልኝን ከልጅነት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አብረን ተምረናል፣ አብረን ተገርፈናል። ድምፁ ግሩም ነው። ይህን ያኔ በገመድ ብትጎትቱኝም አልናገርም ነበር።

ስለዚህ ጥርሴን ደበቅሁት። ቅርንፉድ እየሰበርኩ ድዴ ላይ እወትፋለሁ፣ ጉንጬን በነጠላ እሸፍናለሁ፣ የማኝከው በግራ በኩል ነው። ይታይሽ ስትጠይቀኝ «ብርድ ነው» አልኳት።

ገና አምስት ቀን ሲቀረው ከእንቅልፌ ስነሣ የቀኝ ጉልበቴ ከብዷል። ከሁለት ቀን በፊት ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም በበቅሎ ወጥቼ ስለነበር ለራሴ ምክንያት አላጣሁም። በቅሎዋን ረገምኳት። ምስኪን በቅሎ! ከሰዓት በኋላ ግን ጉልበቱ አበጠ፤ ሱሪዬ ጠበበኝ። ጎረቤታችን መጥተው «ጅማት ነው፣ በቅቤ ይታሽ» አሉ። እኔም የጥርሴ ነገር እንዳይነሣ ብቻ እንጂ ለቅቤው ምን ቸገረኝ፤ ታሸሁ። ሲታሽ የወጣኝን ድምፅ ወረብ ቢሉት ሦስት መንደር ይቀበለው ነበር።

በማግሥቱ ጥናት ነበረን። በሁለት ረድፍ ቆመን ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ ከበሮው ይመታል፤ ወደ ቀኝ እንዘነበላለን፣ ወደ ግራ እንዘነበላለን። ወደ ቀኝ ያለው ላይ ጉልበቴ አልሸከምህም አለኝ። እኔም ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ ሄድሁ። አጠገቤ ከነበረው ቄስ ጋር ጥምጣም ለጥምጣም ተጋጨን።

«መሪጌታ፣ አዲስ ስልት ነው?» አለ አንዱ።

«ዝም በልና ተቀበል!» አልኩት።

ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ። ጸሐዩ አናት ላይ ቆሞ እኔ እንቀጠቀጣለሁ። መቋሚያዬን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ጸናጽሉም ሳላንቀሳቅሰው ራሱን ችሎ ይንሿሿ ጀመር። ቢያድግልኝ ከማዶው ረድፍ አየኝ። ዓይኑን ሳየው የሚስቅ መሰለኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ልቆም ስል ደግሞ ጥርሴን አልነክሰው ነገር! እንደ ምንም ጨርሼ ቤት ገባሁ።

ይታይሽ በር ላይ ጠበቀችኝ። አስቀመጠችኝና አንድ እጇን ግራ ጉልበቴ ላይ፣ ሌላውን ቀኙ ላይ አደረገች። የቀኙን ቶሎ አነሣችው።

«ይኼ እኮ ይፋጃል» አለች።

«ጅማት ነው።»

«ጅማት ያተኩሳል?»

«ቅቤው ነው ያሞቀው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ መቋሚያዬን ከበሩ ጥግ፣ ጸናጽሌን ከእጄ፣ ጥምጣሜን ከራሴ ወሰደች። ሦስቱንም ሳጥን ውስጥ ከተተችና ቆለፈች። ቁልፉን በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሐኪም ቤት ደርሰው ሲመለሱ ይከፈትልዎታል።»

«ከገና በኋላ እሄዳለሁ አልኩሽ!»

«እንግዲያው ገናን በባዶ ራስዎ ይቁሙ።»

በቁጣ ጮኽኩ፣ ገዘትኩ፣ ቁልፉን በእግዜር ለመንኳት። ሴትዮዋ ሸማዋን ለብሳ ደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች። መቋሚያ የሌለው መሪጌታ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሄድሁ።

ሆስፒታል ያገኘችን ዶክተር ሰብለ የምትባል ወጣት ናት፤ ኮን ከምትባል የደጋ ከተማ የመጣች፣ ሰው የማትፈራ። ጉልበቴን አየች፣ ነካች፣ ትኩሳቴን ለካች። ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ እኔ አስጠጋች።

«መሪጌታ፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላሉ።»

«ቅርንፉድ ወዳጅ ነኝ» አልኳት።

«እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።»

«ልጄ፣ ያመመኝ ጉልበቴ ነው።»

«አውቃለሁ። አፍዎን ይክፈቱ።»

«ጉልበት በአፍ ይታያል እንዴ?»

«የእርስዎ ይታያል።»

ይታይሽ ከጎኔ ሆና አገጬን ያዘች። ከፈትሁ። ዶክተሯ በባትሪ አየችው። ይታይሽም አንገቷን አስግጋ አየች። ከዚያ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራችን ሰምቼው የማላውቀውን ሰማሁ።

«አንተ ውሸታም!» አለችኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት አንቱ ስትለኝ ኖራለች። ወንድ ልጃችን ሲወለድ፣ ቤታችን ሲፈስ፣ በሬያችን ገደል ሲገባ፣ ተቆጥታም ተደስታም አንቱ ነበርኩ። በአንድ የበሰበሰ ጥርስ ከአንቱነት ወረድኩ። ያኔ ነው መጀመሪያ ልቤ የደነገጠው፤ ትኩሳቱ እንኳ እንዲህ አላስደነገጠኝም።

ዶክተሯ ጉልበቴን አጽድታ በመርፌ ፈሳሽ ቀዳችልኝ። እኔ ውኃ የመሰለ ነገር ስጠብቅ የወጣው ደፍርሶ አጓት የመሰለ ነው። ወዲያው አዲስ አበባ ጉልበቴን ለቀየረልኝ ሐኪም ደወለችና እኛም እንድንሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስለ ጥርሴ ስትነግረው ከወዲያ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«አባቴ፣ ነግሬዎት ነበር አይደል?»

«ነግረኸኝ ነበር።»

«ጉልበቱ ማበጥ ከጀመረ ስንት ቀን ሆነው?»

«ሁለት» አለች ይታይሽ፣ እኔ ሳልዋሽ በፊት።

«ጎሽ። እንግዲህ ስሙኝ። ነገ ከመጡ ከፍተን እናጥበዋለን፣ መሐል ያለውን ፕላስቲክ እንቀይራለን፣ ብረቱን የማዳን ተስፋ አለን። ከቆየ ግን ጀርሙ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ያኔ መድኃኒትም አያስለቅቀውም። ብረቱን ማውጣት ሊኖርብን ነው። ወደ ደሙ ከገባ ደግሞ የምናወራው ስለ ጉልበት አይሆንም።»

«ገና አራት ቀን ነው የቀረው» አልኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ግን ያልኩት ይህንኑ ነው። «አራት ቀን ብትታገሡኝ ምን አለበት?»

ዶክተር ሰብለ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «መሪጌታ፣ እኔም ልጅ ሳለሁ እናቴ ይዛኝ መጥታ ማሜ ጋራ ላይ ስትወርቡ አይቻችኋለሁ። ነገር ግን ይህን ገና ቆመው ካሳለፉ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁሉ ተቀምጠው ነው የሚያሳልፉት። እሱም በሕይወት ካሉ ነው።»

 የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ።

«እኔ ከሌለሁ የላዩን ማን ሊመራ ነው?»

«ቢያድግልኝ ነዋ!» አለች ይታይሽ። «በጥናቱ ላይ ስትንቀጠቀጥ አይቶ ‹አድኚው› ብሎ ቤት ድረስ የሮጠው ማን መሰለህ?»

አሁንም አንተ ነኝ። ደግሞ ያሳበቀው ቢያድግልኝ! ቦታዬን ፈልጎ ነው ብዬ ተንጨረጨርኩ። ቢሆንም እግሬን አየሁት። አብጦ ያንጸባርቃል። ፈራሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። «እሺ» አልኩ።

በማግሥቱ በአውሮፕላን ልንሄድ ኤርፖርት ስንደርስ መፈተሻው እንዳለፍኩ ጢጥ አለ።

«አባ፣ ኪስዎ ውስጥ ምን አለ?» አለ ጠባቂው።

«ጉልበቴ።»

«ኪስዎን ነው የጠየቅሁት።»

«እኔም የምመልስልህ ጉልበቴን ነው።»

ወረቀቴን አሳይቼ አለፍኩ። ይታይሽ ስትከተለኝ እንደገና ጢጥ! ጠባቂው «እርስዎም ጉልበት?» ቢላት ከአንገቷ የሳጥኑን ቁልፍ አወጣች። አዲስ አበባ ድረስ ይዛው ልትሄድ ነው። «ቤት ብተወው ሰው ልከው ያስከፍቱታል» አለችው። እውነቷን ነው፤ አስቤው ነበር።

አዲስ አበባ በደረስን ቀን ጥርሴ ተነቀለ፣ ጉልበቴ ተከፍቶ ታጠበ። ስነቃ ሐኪሙ አጠገቤ ነበር።

«ብረቱ አልላላም፤ ትተነዋል» አለኝ። «ከጥርስዎና ከጉልበትዎ የወሰድነውን ላቦራቶሪ ልከናል።»

ከቀናት በኋላ ውጤቱ መጣ። አንድ ዓይነት ጀርም ነበር። በእርግጥም መንገዱን ያውቀዋል።

የገና ዕለት ጠዋት እጄ ላይ መድኃኒት ተሰክቶ፣ ክፍሉ ውስጥ ከሦስት በሽተኞች ጋር ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። ላሊበላን በቀጥታ ያሳያሉ። ማሜ ጋራ ላይ፣ እኔ ልቆምበት በነበረው ቦታ፣ ቢያድግልኝ ቆሟል። ስሕተት ፈለግሁበት። በጆሮዬ፣ በዓይኔ፣ በተንኮሌ ፈለግሁበት፤ አጣሁ። ድምፁ ያንን ሁሉ ሕዝብ ይዞት ይወጣል። እንባዬ መጣ። ቅናት ይሁን፣ ናፍቆት ይሁን፣ ወይም መትረፌ ያኔ ገብቶኝ ይሁን አላውቅም፤ ሦስቱም ይመስለኛል።

አላስቻለኝምና አልጋዬ ላይ ሆኜ ተቀበልኩ። የመጀመሪያው «ሰ» ላይ፣ ፊው!

ከጎኔ የተኛው ሰውዬ ማን እንደጠራው ዞር ዞር ብሎ ፈለገ። ነርሷ ሣቋን ልትይዝ ሞክራ አልቻለችም። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ ከዚያ ወዲያ ላልከፍተው ለራሴ ማልኩ።

መድኃኒቱ ለሳምንታት በደም ሥር፣ ከዚያ ለወራት በአፍ ሆነ። ላሊበላ ስመለስ ጉልበቴ ይታጠፋል፣ ትኩሳቱ የለም፣ ይታይሽም ወደ አንቱ መልሳኛለች። ነገር ግን ማሕሌት አልሄድም። ሰው ሲጠይቀኝ አፌን በነጠላ ሸፍኜ «እግሬ ገና ነው» እላለሁ። ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉን አልጠየቅኋትም። ይህ አላስደነገጣትም መሰላችሁ? በጣም ነው ያስደነገጣት።

አንድ ቀን ጠዋት ቢያድግልኝ መጣ።

«ምነው ቀረህ?» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

«እግሬ...»

«እግርህንስ አየሁት፤ ከገበያ ስትመለስ እኔን ሽሽት በሩጫ ነው የታጠፍከው።»

ተናደድኩ። «ቦታዬን ወስደሃል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ለይታይሽ ያሳበቅከውም ለዚሁ ነው!»

«ቦታህንም ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽህም» አለ። «ግን ስትንቀጠቀጥ ሳይህ ከየኔታ ጓሮ በቆሎ ሰርቀን የተገረፍን ጊዜ ትዝ አለኝ። ያኔም እንደዚሁ ነበር የምትንቀጠቀጠው። በል ንገረኝ፣ ምንድን ነው?»

ነጠላዬን አወረድኩና ክፍተቱን አሳየሁት። «ይኸውልህ። ያፏጫል። የኔታ ፉጨት ሆኛለሁ።»

ቢያድግልኝ አየኝ፣ አየኝና ወደ በሩ ዞረ፤ ማንም አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። የላይኛው ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ እጁ ላይ ቁጭ አለ።

ክው አልኩ።

«ፍባት ዓመቴ ነው» አለኝ።

«ምን?»

መልሶ ከተተው። «ሰባት ዓመቴ ነው አልኩህ! ወልድያ ነው ያሠራሁት። መጀመሪያ ሰሞን ጓሮ ሄጄ ለላሞቹ እያዜምኩ ተለማመድኩበት፤ ሦስት ወር አልሞላም እንደ ቀድሞዬ ሆንኩ። አንተ ስድስት ዓመት ሙሉ የቀናህበት ድምፅ በዚህች ነው የወጣው።»

እስቲ አስቡት! እኔ ለአንድ ክራንቻ ጉልበቴን ላጣ፣ ነፍሴን ላጣ ነበር፤ የምፎካከረው ሰውዬ አንድም የላይ ጥርስ የለውም። ሣቅ አፈነኝ። እሱም ሣቀ። «እስቲ ያለ እሷ ልስማህ» ብለው ጥርሱን አወጣልኝና አንድ ወረብ አነሣን። እኔ በክፍተቴ፣ እሱ በባዶ ድዱ፤ ያፏጨነው ፉጨት ለጉድ ነው። ይታይሽ «ከብቱን ማነው የሚነዳው?» እያለች ከጓዳ ወጣች። ሁለት ሽማግሌ መሪጌቶች መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሲሥቁ አገኘች።

ወልድያ ወርጄ እኔም አሠራሁ። አንድ ጥርስ ናት፤ «ሰ»ን አሁን ከእኔ የተሻለ ታውቀዋለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ብረት የገባላችሁ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ መድኃኒት አልመክራችሁም። ግን ሰው የሚደብቀውን በሽታ የሚደብቀው ስለማያመው ሳይሆን ስለሚያፍርበት እንደሆነ በራሴ አይቻለሁ። ጉልበቴ ሲቀየር ለመጣው ሁሉ ሱሪዬን ሰብስቤ አሳይ ነበር፤ ኩራት ነበራ። ጥርሴን ግን ለሚስቴ እንኳ ሸሸግሁ። የመጣው ነገር የመጣው በሸሸግሁት በኩል ነው። ጉልበታችሁ ቢሞቅ፣ ቢያብጥ በቅሎዋን አትርገሙ። ቅቤውንም ለወጥ ተዉት።

በዓመቱ አለቃው የላዩን እንድመራ እንደገና ጠሩኝ። ቢያድግልኝ የታቹን ሊመራ ተስማማን፤ እኔ አወጣለሁ፣ እሱ ይቀበላል። የገና ዋዜማ ጠዋት ይታይሽ ሳጥኑ ፊት ለፊት ቆመች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።

«አፍዎን ይክፈቱ» አለችኝ።

ከፈትሁ። በስልኳ መብራት አንድ በአንድ አየች።

«ይቀመጡ።»

ተቀመጥሁ። አንድ እጇን ግራ ጉልበቴ ላይ፣ አንዱን ቀኙ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ሁለቱም እኩል ቀዝቃዛ ነበሩ። ከዚያ ሳጥኑን ከፍታ መቋሚያዬን፣ ጸናጽሌን፣ ጥምጣሜን አወጣችልኝ። ጥምጣሙ ታጥቧል።

«በሉ ይሂዱ» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አሁን በየዓመቱ እንዲሁ ነው። ቁልፉን እንድትመልስልኝ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።